ግንዱን የበሳው ማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ያለነው፣ ግቢያችን ውስጥ አያታችን የተከሉት ትልቅ ግራር አለ። ከሁለት ወር ወዲህ ግንዱ ላይ ቀዳዳ በዛ፣ ጠዋት ጠዋትም ቷ ቷ ቷ የሚል ድምፅ እንሰማለን። ጎረቤት ግንደ ቆርቁር ነው፣ ዛፉን ሳይገድለው ቁረጡት ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስናይ ደግሞ የግንደ ቆርቁር ቀዳዳ በመስመር የተደረደረ ነው፣ የኛ እንደዛ አይደለም። ከቀዳዳው ወፉን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ አቦ እባካችሁ መጀመሪያ መጥረቢያውን አስቀምጡት! በድሬ ግንቦት የአንድ ግራር ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አይነገርም።

ያ በመስመር የተደረደረው ቀዳዳ የአሜሪካኖቹ ነው፣ ሳፕሳከር የሚባሉ ግንደ ቆርቁሮች ቅርፊቱን በረድፍ ይበሱና የሚወጣውን የዛፍ ፈሳሽ ይልሳሉ፣ እነሱ አፍሪካ ውስጥ የሉም። ስለዚህ በዛ ፎቶ የኛን ዛፍ አትመርምሩ።

አሁን ሂዱና ከዛፉ ስር መሬቱን እዩ፣ እኔ ሁሌም ከግንዱ በፊት መሬቱን ነው የማየው። ስንጥርጣሪ እንጨት፣ የቅርፊት ቁራጭ ከወደቀ ወፍ ነው። ሰጋቱራ ከሆነና ቀዳዳው በድሪል የተበሳ ይመስል ጣት የሚያክል ድብልብል ከሆነ ደግሞ እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት፣ እሷ ደረቅ እንጨት ነው የምትወደው፣ የቤት ወራጅም አትምርም። ከዛ በጣም ያነሱ፣ የክብሪት እንጨት የሚያክሉት አብዛኛውን ጊዜ ጥንዚዛ ግንድ ውስጥ አድጎ የወጣባቸው ናቸው።

ወፍ ከሆነም ሁለት አይነት ስራ አለው። ምግብ ሲፈልግ የሚተወው ምልክት ቅርፅ የለውም፣ እዚህም እዛም የተላጠ ቅርፊት፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ያልጠለቀ ጉድጓድ ነው። ጎጆ ሲሰራ ግን አፉ ክብ ነው፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባና ወደ ታች ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ የሞተ ወይ የበሰበሰ ግንድ ይመርጣል፣ ያዘመመ ቅርንጫፍ ከሆነ ደግሞ ከስር በኩል፣ ዝናብ እንዳይገባበት። የቀዳዳው አፍ በጭቃ ተመርጎ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከቀረ ግን ግንደ ቆርቁር አይደለም፣ ያ መንቁሩ ትልቅና ቆልመም ያለ፣ ጭራው ረጅም የሆነው ወፍ ነው፣ ሴቷ ውስጥ ታሽጋ ትታቀፋለች፣ ወንዱ በስንጥቋ ያጎርሳታል፣ እኔ እንደዚህ አይነት ታማኝነት ሳይ ልቤ ይነካል።

የትኛው ግንደ ቆርቁር? ከቀዳዳ ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ከባድ ነው፣ መጠኑ ግን ይጠቁማል። ቀጫጭን ቅርንጫፍ ላይ ትንንሽ ጭረት ካለ ካርዲናል የሚባለውን ጠርጥሩ፣ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ትልልቅ ደረቅ ግንድ በሀይል ከተቦረቦረ ጢማሙ የሚባለው ግንደ ቆርቁር ይሆናል፣ እሱ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በመጠን መሀለኛው ኑብያን የሚባለው ነው፣ የግራር አገር ወፍ፣ ጉንዳንና ምስጥ ይወዳል፣ ወንዱ አናቱም ጉንጩ ላይ ያለው መስመርም ቀይ ነው፣ የሴቷ ቀይ ከማጅራቷ በኩል ብቻ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ የሚገኘውን ግንደ ቆርቁር ደግሞ ድሬ አትጠብቁት፣ እሱ የደጋ ወፍ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ከጎረቤታችሁ ጋር ግን አልስማማም። ወፉ የሚቆረቁረው ብዙ ጊዜ ውስጥ ትል ወይ ጉንዳን ስላለ ነው፣ ማለትም ዛፉን ቀድሞ የነካው ሌላ ነው፣ ወፉ እንደውም እየለቀመለት ነው። እሱ ትቶት የሄደውን ጎጆ ደግሞ ሌሎች ወፎች ይገቡበታል።

እና ቀዳዳውን በሲሚንቶ እንዳትደፍኑ፣ ጫጩት ሊኖር ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና ማን እንደሚገባ እዩ። ጣራ ላይ ያዘነበለ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ እሱን ብቻ፣ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ቁረጡት።