ስለ ራያን ስታይልስ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ኮሜዲያኑንና ተዋናዩን ራያን ስታይልስን «ሁዝ ላይን ኢዝ ኢት ኤኒዌይ» ከተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የኮሜዲ ፕሮግራም ጀምሮ ስከታተለው የኖርኩ ሰው ነኝ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከታች መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊ ነው ወይስ ካናዳዊ? ሁሌ ያከራክረናል።

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። በ1959 ሲያትል ውስጥ ተወለደ፣ ያደገው ግን ድንበሩን ተሻግሮ ቫንኩቨር አጠገብ ሪችመንድ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ካናዳውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ በስታንድአፕ ነው የጀመረው ይባላል። ታዲያ ወደ ኢምፕሮቭ እንዴት ገባ?

እውነት ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ገና በወጣትነቱ በቫንኩቨር የኮሜዲ ክለቦች ብቻውን ማይክ ይዞ ያስቅ ነበር። ስታንድአፕ ብቸኛ ሥራ ነው። ቀልዱን ጽፈህ አጥንተህ ትወጣለህ፣ ሰው ካልሳቀ ደግሞ ደርሶ የሚያነሳህ ባልደረባ የለም። ኢምፕሮቭ ማለትም ያለ ጽሑፍ መድረክ ላይ በቅጽበት የሚፈጠረው ትወና ግን ያለ ጓደኛ አይሆንም። ራያን ቫንኩቨር ውስጥ ቲያትርስፖርትስ ከሚባለው ቡድን ጋር መሥራት ጀመረ፣ በኋላ «ሁዝ ላይን» ላይ አብሮት የሚጫወተውን ኮሜዲያን ኮሊን ሞክሪንም ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በ1986 ከተማዋ የዓለም ኤክስፖን ስታስተናግድ ሴኮንድ ሲቲ የተባለውን ታዋቂ የኮሜዲ ቡድን ተቀላቀለ፣ ቀጥሎም አብሯቸው ቶሮንቶ ሠራ። እኔን ብትጠይቁኝ የሕይወቱ ትልቁ ዕድል ኮሊንን ማግኘቱ ነው።

ጥያቄ፦ «ሁዝ ላይን ኢዝ ኢት ኤኒዌይ» እውነት ያልተጻፈ ነው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ተለማምደውት ነው የሚመጡት» ብሎ ድርቅ አለብኝ።

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ተዋናዮቹ የትኞቹን ጨዋታዎች እንደሚጫወቱ ያውቃሉ። ጨዋታው ውስጥ ምን እንደሚገጥማቸው ግን አያውቁም። በዚያ ላይ የሚቀረጸው ለአየር ከሚበቃው እጅግ ይበዛል፤ ያልሠራው ይቆረጣል፣ የሠራው ይቀራል። ባልደረባህን ያሳሳተውም ይህ ይመስለኛል። ቆራጩ የመረጠውን ብቻ ስለሚያይ ሁሉም ነገር ተጠንቶ የመጣ ይመስለዋል።

ማስረጃ ከፈለገ የዜና ጨዋታውን አሳየው። ኮሊን እንደ ዘጋቢ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ይቆማል። እኛና ዜና አንባቢ ሆኖ የተቀመጠው ራያን ከኮሊን ጀርባ የሚሄደውን ቪዲዮ እናያለን፣ ኮሊን ራሱ ምንም አያይም። ራያን እንደ ደንቡ «ያለህበት ሁኔታ እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። በጥያቄው ውስጥ ፍንጭ መደበቅ አለበት። ፍንጩ ከበዛ ጨዋታው ወዲያው ያልቃል፣ ካነሰ ኮሊን መውጫ ያጣል። አሁን የራያንን ፊት ልብ ብላችሁ እዩት። ሳቁን የሚያገኘው ኮሊን ነው፣ ራያን ኳሷን አመቻችቶ እያቀበለው ነው። ሰው «ራያን ያስቃል» ሲል እሰማለሁ፣ ያስቃልም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቀው ሌላው እንዲያስቅ የሚያደርግበትን ችሎታ ነው።

ጥያቄ፦ «ሁዝ ላይን» ላይ አቅራቢው ለተዋናዮቹ የሚሰጠው ነጥብ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

አይቆጠርም። አቅራቢው ራሱ በየፕሮግራሙ መጀመሪያ ነጥቡ ዋጋ እንደሌለው ይናገራል።

ጥያቄ፦ ጽሑፍ ባለው ድራማ ውስጥስ እንዲህ ያለ ተዋናይ ምን ይጠቅማል? «ዘ ድሩ ኬሪ ሾው» ላይ የተጻፈለትን ነው የሚናገረው አይደል?

አዎ፣ የተጻፈለትን ነው። ከ1995 እስከ 2004 በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን በታየው በዚያ ሲትኮም (ተከታታይ የቀልድ ድራማ) የዋናው ገጸ ባሕርይ የድሩ ጓደኛ ሉዊስን ሆኖ ተጫውቷል። ነገር ግን ንግግር በሌለው ጊዜ የሚያደርገውን ተመልከቱ። የኢምፕሮቭ ሰው ማዳመጥ ግዴታው ነው፣ ካላዳመጠ የሚቀጥለውን ቃል ከየትም አያመጣውም። ያ ልማድ ራያን ላይ ቀርቷል። ሌላው ሲናገር ተራውን የሚጠብቅ አይመስልም፣ በእርግጥ እየሰማ ነው። ቁመቱም ወደ ሁለት ሜትር ስለሚጠጋ አንገቱን ዘንበል ማድረጉ ብቻ መልስ ይሆንለታል። አዘጋጆቹም ይህን ችሎታ አውቀው በ1999 በቀጥታ የተላለፈና በከፊል በቅጽበት የተፈጠረ ክፍል ሠርተዋል።

የድራማው ዋና ተዋናይ ከሆነው ከድሩ ኬሪ ጋር የነበረው ወዳጅነት ሌላም ፍሬ አፍርቷል። ራያን ከ1989 ጀምሮ በእንግሊዙ ቻናል 4 «ሁዝ ላይን» ላይ ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙ በ1998 አሜሪካ ሲገባ አቅራቢው ድሩ ሆነ።

ጥያቄ፦ ሆዳውን የሚባለውን ዘፈን ለምን ይጠላዋል?

«ሁዝ ላይን» ላይ አራቱም ተዋናዮች ተመልካቹ በሰጠው ርዕስ ላይ ቤት የሚመታ ግጥም እየፈጠሩ በየተራ የሚዘፍኑበት ጨዋታ ነው። ራያን ዘፋኝ አይደለም፣ ጥላቻውንም እዚያው መድረክ ላይ ይናገራል። ዘፈን የሚያውቀው የሥራ ባልደረባው ዌይን ብሬዲ ከአጠገቡ እንደልቡ ሲያንቆረቁር ማየት ለማንም ከባድ ነው። እንዲያም ሆኖ ተራው ሲደርስ አልሸሸም፣ እኔም ለዚህ አከብረዋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጀማሪ ተዋናይት ነኝ። ያለ ጽሑፍ መድረክ ላይ ስወጣ አእምሮዬ ባዶ ይሆናል። ከእሱ ምን ልማር?

እህቴ፣ አእምሮሽ ባዶ የሚሆነው ቀልድ ስለምትፈልጊ ይመስለኛል። ቀልድ አትፈልጊ። ጓደኛሽ የሰጠሽን ተቀበዪ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጨምሪበት። «ዶክተር፣ እግሬን» ካለሽ ዶክተር ሆነሻል፤ «እኔ ዶክተር አይደለሁም» ያልሽ ዕለት ትዕይንቱ እዚያው ይሞታል። «ትናንት የሰፋሁት እግር ነው?» ብትዪው ግን በአንድ አፍ ታሪክ፣ ስህተትና ግንኙነት ሰጥተሽዋል። ደግሞ «የት ነው ያለነው? ማን ነህ?» እያልሽ አትጠይቂ፣ ሸክሙን ጓደኛሽ ላይ መጣል ነው። ቦታውን አንቺው ሰይሚው። የራያንንና የኮሊንን አንድ ጨዋታ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው፣ ዓይን ለዓይን ምን ያህል እንደሚጠባበቁ ታያለሽ።

ጥያቄ፦ «ቱ ኤንድ ኤ ሃፍ ሜን» ላይ ያለው ሐኪም እሱ ነው?

እሱው ነው። በዚያ ሲትኮም የሕፃናት ሐኪሙ ኸርብ፣ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነውን የአለንን የቀድሞ ሚስት ጁዲትን ያገባው።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ የሠራውስ?

በ2004 ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤሊንግሃም ከተማ ውስጥ አፕፍሮንት የተባለ የኢምፕሮቭ ቲያትር ከፍቷል። ከ«ሁዝ ላይን» ባልደረባው ከግሬግ ፕሩፕስና ከሌሎች ጋርም ከተማ ለከተማ እየዞረ አቅርቧል። መድረክ ላይ የሚቆርጥ የለም፣ የወደቀው ትዕይንት ፊታችሁ ይወድቃል። ዕድሉን ያገኘ ሰው መጀመሪያ ያንን ይይ፣ ቴሌቪዥኑን በኋላ ይደርስበታል።