ኢሚግሬሽን ላይ ስለ ሥራ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ለማስተርስ ወደ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ልትሄጂ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስተሽ ዋሽንግተን ዳለስ ላይ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ትቀጥያለሽ። ዩኒቨርሲቲው በምርምር ረዳትነት ቀጥሮሻል። ያስጨነቀሽ «ትሠሪያለሽ ወይ ቢሉኝ እውነቱን ብናገር ይመልሱኛል?» የሚለው ነው። እናትሽ የምታዘጋጅልሽን በርበሬና ቋንጣም አንስተሻል።

እውነቱን ተናገሪ። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት የተፈቀደ ነው። «ልማር ነው የመጣሁት፣ በዩኒቨርሲቲው ረዳት ሆኜም እሠራለሁ» ብለሽ የቅጥር ደብዳቤውን ማሳየት ይበቃል። ችግር የሚያመጣው «አጎቴ ሱቅ አለው፣ እሱንም አግዛለሁ» የሚለው ጨዋታ ነው፤ ያ ያለፈቃድ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ከሐሳብሽም አውጪው። ዋሽተሽ ከተያዝሽ ግን ነገሩ በአንድ ቀን አያበቃም፤ ለዘለቄታው እንዳትገቢ ሊያደርግሽ ይችላል። ጥያቄው ካልገባሽ ድገሙልኝ በያቸው። ሳይገባ «የስ» እያሉ ራስ መነቅነቅ የኛ ሰው ክፉ አመል ነው።

ፓስፖርትሽ፣ ዩኒቨርሲቲው የላከልሽና አንቺ የፈረምሽበት አይ-20 የሚባለው የተማሪነት ቅጽ፣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያ ደረሰኝና የቅጥር ደብዳቤሽ በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ። ትልቁን ሻንጣ የምታገኚው ኢሚግሬሽንን ካለፍሽ በኋላ ነውና እዚያ ውስጥ የገባ ወረቀት መስኮቱ ላይ አይደርስልሽም። ቀኑንም በኛ አቆጣጠር እንዳትገምቺ፤ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን 30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት አይፈቀድም። አይ-20ው ላይ ኦገስት 25 ከተባለ፣ ከጁላይ 26 ማለትም ከሐምሌ 19 በፊት አትድረሺ።

ዳለስ ላይ የጣት አሻራና ፎቶ ይወስዳሉ። ወደ ሌላ ክፍል ቢመሩሽ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ ወረቀት ማጣራት ነው። ከዚያ ኦሃዮ ድረስ ተብሎ የተለጠፈበትም ቢሆን ሻንጣሽን ራስሽ አንስተሽ፣ በጉምሩክ አልፈሽ፣ መልሰሽ ታስረክቢያለሽ፤ ፍተሻውም እንደገና ነው። ስለዚህ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ቢሆኑ እመርጣለሁ። ሁለተኛው ቢያመልጥሽ ሌላ በረራ መፈለጉ የአየር መንገዱ ጣጣ ይሆናል።

ቋንጣው ይቅር፣ እናትሽ ቢከፋቸውም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ የበሬ ሥጋ አይገባም። የተፈጨ በርበሬና የተቆላ ቡና ብዙ ጊዜ ያልፋሉ፤ ግን ምግብ ይዘሻል ወይ ሲሉሽ አዎ በያቸው። ያሳወቅሽው የማይፈቀድ ሆኖ ከተገኘ ይጣላል እንጂ አያስቀጣሽም፤ የደበቅሽው ነው የሚያስቀጣው።

አሁን ማንም ወዳልጠየቀኝ፣ ለእኔ ግን ዋና ወደሆነው ነገር ልምጣ። መኮንኑ ሲያስገባሽ አይ-94 የሚባል የመግቢያ መዝገብ በስምሽ ይከፈታል። በወረቀት ስለማይሰጥሽ መኖሩንም ላታውቂ ትችያለሽ። ደመወዝ የሚከፈልሽ ሶሻል ሴኩሪቲ በሚባለው የመንግሥት መለያ ቁጥር ነው፣ እሱን ስታወጪ አይ-94 ይታያል። ቀጣሪሽ የሥራ ፈቃድሽን ሲያጣራም ያየዋል። ከተመረቅሽ በኋላ ኦፒቲ ለሚባለው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ስታመለክቺ ቅጂው ይያያዛል። እዚያ ላይ የተሳሳተ አንድ ፊደል በኋላ ሥራ ያዘገይብሻል።

ስለዚህ ኦሃዮ እንደገባሽ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃውን የአይ-94 ድረ ገጽ ክፈቺ። የስምሽን አጻጻፍ፣ የልደት ቀንሽን፣ የፓስፖርት ቁጥርሽን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያይ፤ በመግቢያው ዓይነት ቦታ ኤፍ-1 መባሉን እይ። መዝገቡ አልተገኘም ካለሽ ስምሽንና የአባትሽን ስም አቀያይረሽ ሞክሪ፣ የኛ ስም እዚያ ላይ መገለባበጥ ይወዳል። ጎብኚ ተብለሽ ከተመዘገብሽ ወይም ሌላ ስህተት ካየሽ በዚያው ሳምንት ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ንገሪ፤ የት እንደሚታረም ይመሩሻል። ገጹን በፒዲኤፍ አስቀምጪው፤ ወጥተሽ በተመለስሽ ቁጥርም አዲሱን አውርጂ።