የካርቶንና የከረጢት ጭነት አደጋን በመተግበሪያ ስለመገምገም ለቀረበው ጥያቄ

እህታችን የጠየቁት በአጭሩ ይህ ነው፦ በሚሠሩበት መጋዘን ሠራተኞች 20 ኪሎ የሚመዝን የሳሙና ካርቶን ከፓሌት (ዕቃ ከሚደረደርበት ዝቅ ያለ መድረክ) እያነሱ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ በሌላኛው በር ደግሞ ጫኝና አውራጆች ባለ 50 ኪሎ ከረጢት በትከሻ ተሸክመው መኪና ይጭናሉ። ወገቤን የሚል በዝቷል። አደጋውን በቁጥር አውጥቶ ለኃላፊ የሚያሳይ ነጻ የድረ ገጽ መተግበሪያ አለ ወይ? እኔም በፋብሪካ የደኅንነት ባለሙያ ስለሆንኩ በሥራ ያየሁትን ልጻፍ።

አለ፤ ነገር ግን ለሁለቱ ሥራዎች አንዱ አይበቃም።

ለካርቶኑ የሚያገኟቸው ብዙዎቹ ማስያዎች የሚሠሩት በአንድ ቀመር ነው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ተቋም (ናዮሽ) እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥቶ በ1991 ባሻሻለው። መነሻው 23 ኪሎ ነው፤ ይህም ሁሉ ነገር ሲመች ነው። ጭነቱ ከሰውነት ሲርቅ፣ ወደ ወለል ሲጠጋ፣ ሠራተኛው ወገቡን ሲያዞር፣ መያዣው ሲያስቸግር፣ ማንሳቱ ሲደጋገም ከ23ቱ ላይ ይቀነሳል። የተረፈው የሚመከረው ወሰን ነው። የካርቶኑ ክብደት ለዚህ ወሰን ሲካፈል የማንሳት ኢንዴክስ ይወጣል። ከ1 ካለፈ ያሳስባል፤ ከ3 ካለፈ ለብዙ ሠራተኞች ከፍተኛ አደጋ ነው።

በእርስዎ ካርቶን እንሞክረው። እጅ ከቁርጭምጭሚት 50 ሴንቲ ሜትር የራቀ፣ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ጠረጴዛው 90 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የወገብ መዞር 45 ዲግሪ፣ መያዣው መካከለኛ፣ በደቂቃ አንድ ጊዜ፣ ሙሉ ቀን ቢሆን ወሰኑ 5 ኪሎ ገደማ ላይ ይወርዳል። ኢንዴክሱ 4 አካባቢ ነው። ኃላፊዎ ይህን ሲያይ «ታዲያ ካርቶኑን ላሳንሰው?» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው መተግበሪያው የሚጠቅመው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ትተው ከ23ቱ ላይ ብዙ የቆረጠው የትኛው እንደሆነ ያሳዩት። በዚህ ምሳሌ ርቀቱ ብቻውን ግማሹን በልቶታል። ሠራተኛው በፓሌቱ ዙሪያ እየተዘዋወረ ተጠግቶ ቢያነሳና ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኢንዴክሱ ወደ 2.4 ይወርዳል። ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሆኖ ወገብ ማዞሩ ቢቀር 2 ይሆናል። ከሥር ባዶ ፓሌቶች ተደራርበው የእጁ ከፍታ 75 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ደግሞ 1.4። ካርቶኑ አሁንም 20 ኪሎ ነው፤ የተገዛ ማሽንም የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ልኬቱ ላይ ነው። ርቀቱ የሚለካው ከሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መካከል እስከ ሁለቱ እጆች መካከል እንጂ ከሆድ እስከ ካርቶን አይደለም። ከፍታውም የእጅ ነው፤ የካርቶኑ አናት አይደለም። አንዳንዶቹ ገጾች በኢንችና በፓውንድ ስለሚከፈቱ ሴንቲ ሜትር ከማስገባትዎ በፊት አሃዱን ይመልከቱ። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ የሚቀመጥ ከሆነ ማንሻውንም ማስቀመጫውንም ለየብቻ ያስሉ፤ የባሰውን ይውሰዱ። ደግሞም የሚለካው ሠራተኛ ሜትር ይዘው ሲቆሙ አስተካክሎ ማንሳት ይጀምራል። ቆየት ብለው፣ ሲደክመው ይለኩት።

ወደ ጫኝና አውራጆቹ ስንመጣ የናዮሽ ቀመር አያገለግልም። ተሸክሞ ለመጓዝ፣ ለመግፋትና ለመጎተት፣ በአንድ እጅ ለማንሳት፣ ለሚያንሸራትት ወለል አልተሠራም። ቁጥር አስገብተው ውጤት ቢሰጥዎም አይመኑት። ለዚህ የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን ማክ የተባለ መገምገሚያ ይጠቀሙ፤ ለማንሳት፣ ለመሸከምና በቡድን ለማንሳት የተለያየ ሠንጠረዥ አለው። የተጓዙበትን ርቀት፣ ወለሉንና በመንገድ ላይ ያለውን መሰናክል ይጠይቅና በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በቀይና በሐምራዊ ይመድባል፤ አረንጓዴ ዝቅተኛው፣ ሐምራዊ እጅግ ከፍተኛው አደጋ ነው። ከ50 ኪሎ በላይ ሐምራዊ ነው፤ የእርስዎ ከረጢት ድንበሩ ላይ ቆሟል፣ ኩንታል ከሆነማ ክርክር የለውም። እውነቱን ለመናገር ለ50 ኪሎ መተግበሪያም አያስፈልግም፤ እጅግ በተመቸ አነሳስ እንኳ ከ23 ኪሎ እጥፍ በላይ ነው። ለከረጢቱ ጥያቄው ጋሪ ወይም ማጓጓዣ ቀበቶ መቼ ይገዛል የሚለው ነው።

ማንኛውም መተግበሪያ የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ክፍያው። ጫኝና አውራጅ በከረጢት ቁጥር ከተከፈለው ቀስ በል የሚለው ምክር ከእንጀራው ላይ መቀነስ ነው። ብዙ ጊዜም በማኅበር ስለሚመጡ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደሉም ተብለው ከግምገማው ይዘለላሉ። በሪፖርትዎ ውስጥ ያስገቧቸው።

ኃላፊው የወገብ ቀበቶ እንግዛ ካለ ደግሞ ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1994 ጉዳዩን መርምሮ ቀበቶ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት ለመጠበቁ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ይንገሩት። ገንዘቡ ለጋሪው ይሁን።

የካርቶኑን ልኬቶች ወስደው እዚህ ቢጽፉልኝ አብረን እናሰላዋለን፤ ማንሻውና ማስቀመጫው ለየብቻ ይሁን።