ሁለቱም ከረጢት «ዚንክ ሰልፌት» ይላል፤ ታዲያ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የእርሻ ግብዓት መሸጫ አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከፎገራና ከሜጫ የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። በቅርቡ ከሁለት አከፋፋዮች ለማዳበሪያ የሚሆን ዚንክ ሰልፌት ተረከብኩ። አንደኛው ከረጢት ዚንክ 21 በመቶ ይላል፣ ሌላኛው 33 በመቶ። ባለ 21ዱ ጥርት ያለ አብለጭላጭ ፍሬ ነው፤ ባለ 33ቱ ደቃቅ ዱቄት። ባለ 21ዱ መጋዘን ገብቶ ሳምንት ሳይቆይ ውሃ አወጣና ተጋግሮ ጠጠረብኝ። አንድ ገበሬ አይቶት ‹ይሄማ እንግሊዝ ጨው ነው፣ ሸውደውሻል› አለኝ። ኬሚስትሪ የሚማረው ወንድሜ ደግሞ ‹ይሄ እኮ ከመሬት የሚወጣ ማዕድንም ነው› ይላል። እውነቱ የቱ ነው? መሸወድ አልፈልግም፣ ገበሬውንም መሸወድ አልፈልግም።»
ባለሱቋ፣ ከባህር ዳር

መልስ

ልጄ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ለወንድምሽም የሚሆን ነገር አለበት።

መጀመሪያ የሚያስጨንቅሽን ላንሳ። ሁለቱም ከረጢቶች እውነተኛ ዚንክ ሰልፌት ሊሆኑ ይችላሉ። የቁጥሩ መለያየት ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። የሚለያያቸው ውሃ ነው። ከዝናብ ወይም ከአየር የገባ እርጥበት ማለቴ አይደለም። ክሪስታሉ ሲሠራ አብሮ የተሠራ፣ በቁጥር የሚታወቅ ውሃ ነው።

ባለ 21ዱ ለእያንዳንዱ ዚንክ ሰልፌት ሰባት የውሃ ሞለኪውል ይዟል። ከረጢቱ ላይ ሄፕታሃይድሬት የሚል ቃል ፈልጊ። ባለ 33ቱ አንድ ብቻ ነው የያዘው፤ ሞኖሃይድሬት ይባላል። ንጹሕ ከሆነ፣ ከ100 ኪሎ ሄፕታሃይድሬት ውስጥ ወደ 44 ኪሎ የሚጠጋው ውሃ ነው። ዚንኩ 22.7 ኪሎ ብቻ ነው። በሞኖሃይድሬቱ ግን ዚንኩ 36.4 ኪሎ ይደርሳል። ለእርሻ የሚመረተው ፍጹም ንጹሕ ስላልሆነ ከረጢት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ዋጋ ስታወዳድሪ ኪሎን በኪሎ አታወዳድሪ፤ ዚንኩን በዚንኩ አወዳድሪ። 10 ኪሎ ከባለ 33ቱ ውስጥ ያለው ዚንክ 3.3 ኪሎ ነው። ያንኑ ዚንክ ከባለ 21ዱ ለማግኘት 16 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ የባለ 21ዱ የኪሎ ዋጋ ከባለ 33ቱ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ተወዷል ማለት ነው። ገበሬ «በሄክታር ይህን ያህል ኪሎ ጨምር ተብዬ ነው» ብሎ ሲመጣ ደግሞ፣ የታዘዘለት የየትኛው እንደሆነ ሳትጠይቂ አትመዝኝለት።

አሁን ወደ ጠጠረብሽ ከረጢት። እዚህ ላይ አከፋፋዩን ከመክሰስሽ በፊት የመጋዘንሽን ጣሪያ ቀና ብለሽ እዪ። ከሰባቱ ውሃዎች ስድስቱ ዚንኩን ዙሪያውን ከበው ይይዙታል። ሰባተኛው ዚንኩን አይነካውም። ከሰልፌቱና ከሌሎቹ ውሃዎች ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ብቻ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ሙቀት ሲመጣ መጀመሪያ ለቆ የሚወጣው እሱ ነው። ይሄ የሚሆነው 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የባህር ዳር ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር እንኳ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ከረጢቱ የታሸገ ስለሆነ የወጣው ውሃ መሄጃ የለውም። እዚያው ጨውን ያሟሟል። ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል የሟሟው መልሶ ይረጋል፣ ፍሬውንም አንዱን ካንዱ ይጋግረዋል። ቀን ላብ፣ ሌሊት ድንጋይ። ይሄ በተደጋገመ ቁጥር ይብስበታል።

ከከረጢቱ የፈሰሰ ነገር ከሌለ ዚንኩ የትም አልሄደም። ሰብረሽ፣ ፈጭተሽ መሸጥ ትችያለሽ። ለቀጣዩ ግን ከረጢቱን ከግድግዳ አርቀሽ፣ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት አስቀምጪ። ሞኖሃይድሬቱ እንዲህ አያስቸግርም፤ የመጨረሻዋን አንዷን ውሃ ለማስለቀቅ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል።

ወንድምሽ ልክ ነው። ባለ ሰባት ውሃው ዚንክ ሰልፌት በተፈጥሮም አለ፤ ጎስላራይት ይባላል። ስሙን የሰጠው የኦስትሪያው የማዕድን ሊቅ ሃይዲንገር ሲሆን፣ ጎስላር የጀርመን ከተማ ናት። አጠገቧ ራመልስበርግ የሚባል ማዕድን ማውጫ አለ። ከሺህ ዓመት በላይ ሲቆፈር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዘጋ፤ በ1992 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያ ያለው የዚንክና የድኝ ማዕድን፣ ስፋለራይት፣ አየርና ውሃ ሲነካው ቀስ በቀስ ይለወጣል። ድኙ ሰልፌት ይሆናል፣ ዚንኩ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ውሃው በዋሻው ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይቀራል። አንዳንዴ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጭረት ሆኖ ይበቅላል፣ አንዳንዴ ከጣሪያው ይንጠለጠላል። ያ ነው ጎስላራይት።

ጠባዩ ለስላሳ ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2 እስከ 2.5 ነው፤ በጥፍር ይጫራል። ክብደቱ የውሃ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ቀለም የለውም ወይም ነጭ ነው፤ መዳብ ከተቀላቀለበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ክሪስታሉ ኦርቶሮምቢክ ነው፤ ሦስቱ ዘንጎቹ ርዝመታቸው የተለያየ ሆኖ እርስ በርስ የሚገናኙት በቀጥታ ማዕዘን ነው። በአንድ በኩል ብቻ ልስልስ ብሎ ይሰነጠቃል። ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል። ለዚህ ነው ደጅ ላይ የማይበረክተው። ጣና ዳር መፈለግም ድካም ነው። የኛ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ስፋለራይት የለበትም። ቢኖርም የሐምሌ ዝናብ አያስተርፈውም።

ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህንኑ ክሪስታል በብርጭቆ ውስጥ ያበቅሉት ነበር። ጨው እስኪጠግብ የተሟሟበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ክር ያንጠለጥላሉ። ሲቀዘቅዝ በክሩ ላይ ረዘም ያለ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዘንግ ይወጣል። አውጥተው መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጡት ግን ጥራቱ አይቆይም። መጀመሪያ ጠርዙ ይነጣል፣ ከዚያ ፊቱ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻ ሲነኩት ዱቄት ይራገፋል። ቅርጹ ዘንግ እንደሆነ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ማዕድን ሆኗል።

ሌላ ማዕድን ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የማዕድን ባለሙያዎች የውሃው ቁጥር ሲለወጥ ስሙንም ይለውጡታል። ስድስት ውሃ ያለው ቢያንካይት ነው፣ አራት ያለው ቦይላይት፣ አንድ ብቻ ያለው ጋኒንጋይት። አንዱ ከረጢትሽ የጎስላራይት ወገን ነው፣ ሌላው የጋኒንጋይት። ፋብሪካው በአሲድ ሠራው እንጂ አቀማመጡ ያው ነው።

ምደባው ግን በውሃ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የያዘው የብረታ ብረት ዓይነትም ይቆጠራል። ገበሬው የጠረጠረው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎስላራይት የሚመደበው በኤፕሶማይት ቡድን ነው። ኤፕሶማይት ማለት ባለ ሰባት ውሃ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው፤ እኛ እንግሊዝ ጨው የምንለው። ሦስተኛው የቡድኑ አባል ኒኬል ያለበት ሞረኖሳይት ነው፤ እሱ አረንጓዴ ስለሆነ አያሳስትም። ዚንክና ማግኒዥየም ግን መጠናቸው በጣም ይቀራረባል። በክሪስታል ውስጥ ማግኒዥየም 0.72፣ ዚንክ 0.74 አንግስትሮም (የአተም መጠን የሚለካበት አሃድ) ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቅርጹም አይዛባም። ብረት (አይረን) ያለበት ባለ ሰባት ውሃ ሰልፌት፣ ሜላንተራይት፣ ቀመሩ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የክሪስታሉ አሠራር ስለሚለይ ሌላ ቡድን ውስጥ ነው።

እንግዲህ እንግሊዝ ጨውና ዚንክ ሰልፌት በዓይን የማይለዩት ለዚህ ነው። ነጭነታቸው አንድ፣ ፍሬያቸው አንድ፣ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ጥርት ብለው ይሟሟሉ። እንግሊዝ ጨው ርካሽ ስለሆነ ማጭበርበር ለሚፈልግ ሰው የተመቸ ነው። ሌላ አገርም ተደርጓል። ገበሬሽ ያለ ምክንያት አልተጠራጠረም። «ቀምሼ ልለየው» የሚልሽ ካለ ግን ከልክይው። ዚንክ ሰልፌት ያስመልሳል።

መለያው እነሆ። ወንድምሽ ላቦራቶሪ የሚገባ ከሆነ እዚያ ይሥራው፤ አለዚያ ዩኒቨርሲቲው፣ ፔዳ ግቢ፣ የኬሚስትሪ ልጅ አይጠፋም። ከየከረጢቱ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ በየብርጭቆው ንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ላዩ ላይ በውሃ የተሟሟ ኮስቲክ ሶዳ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ሁለቱም ውስጥ ነጭ ደመና ይታያል። እዚህ ላይ ቆሞ መፍረድ የለም። ሶዳው እየተጨመረ ይቀጥላል። ዚንክ ከሆነ ደመናው መልሶ ይጠፋል፣ ውሃው ይጠራል። ማግኒዥየም ከሆነ የቱንም ያህል ቢጨመር ደመናው አይጠፋም። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ከሆነም ከፊሉ ይቀራል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ይበላልና ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካ። ሱቅ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ በፍጹም።

ስለ ማሳውም ሁለት ነገር ልጨምር። ውሃ የተኛበት ሩዝ ላይ የዚንክ እጥረት በብዙ አገር የታወቀ ነው። ችግኙ ከተተከለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ታችኛው ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል፣ የለጋው ቅጠል የመሐል ጅማት ይገረጣል። ሕንድ ውስጥ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርም ያመጣው መስሏቸው ሲፈልጉ ቆይተው የዚንክ ማነስ መሆኑን ደረሱበት። ግን ቅጠል ቀላ ብሎ ያየ ሁሉ ዚንክ ጎድሎበታል ማለት አይደለም። የፎገራ ደንበኞችሽን መጀመሪያ አፈራቸውን እንዲያስመረምሩ ንገሪያቸው፤ የሩዝ ምርምር ማዕከሉም እዚያው አጠገባቸው ነው። ሁለተኛው፣ ዚንክ ሰልፌትን ፎስፌት ካለበት ማዳበሪያ ጋር አንድ መርጫ ውስጥ አያሟሙት። ዚንኩ ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል። አፍንጫው ይደፈናል፣ ቅጠሉም ምንም አያገኝ።

ጥያቄ

«ልጄ ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ክኒን ላይ ዚንክ ሰልፌት ተጽፏል። ባለቤቴ ለቡናው ችግኝ የገዛውም ዚንክ ሰልፌት ነው። አንድ ናቸው?»
እናት፣ ከዘጌ

መልስ

እመቤቴ፣ ጨውነቱ አንድ ነው፤ ንጽሕናው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ለእርሻ የሚመረተው ውስጥ እርሳስና ካድሚየም ሊኖርበት ይችላል። እሱን ለሰው መስጠት የለም፣ በትንሹም ቢሆን። የማዳበሪያውን ከረጢት ልጅ ከማይደርስበት ያርቁት፤ የመዘነበትንም ማንኪያ ወጥ ቤት አያስገቡት።

ክኒኑን ግን አያቋርጡ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚመክሩት፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ነው። መጠኑን ጤና ጣቢያው እንዳዘዘልዎት ይስጡ። ብዙ እናቶች ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑንም ያቆማሉ። የተቀረው የሚሰጠው በልጁ ሰውነት ያለቀውን ዚንክ ለመተካትና ተቅማጡ በሚቀጥሉት ወራት ቶሎ እንዳይመለስ ነውና እስከ መጨረሻው ይስጡት። ክኒኑን በማንኪያ ውሃ ወይም በጡት ወተት አሟሙተው መስጠት ይችላሉ። ካስመለሰው ወይም ከደከመ ወደ ሰጡዎት ጤና ባለሙያ ይመለሱ።

ጥያቄ

«ለቤት ግንባታ የገዛሁትን ቆርቆሮ ደርድሬ ክረምቱን አሳለፍኩት። ስገልጠው በየመሐሉ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ይሄም ዚንክ ሰልፌት ነው? ይመለስልኛል?»
ቤት ሠሪው፣ ከባህር ዳር

መልስ

ወንድሜ፣ ሰልፌት አይደለም። ቆርቆሮው ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው እርጥበት ያገኘው። በተደረደሩት መሐል ውሃ ገብቶ አየር ሲያጣ ዚንኩ መጀመሪያ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። በኋላ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሰልፌት እንዲሆን ድኝ ያስፈልገዋል፤ በክረምት ዝናብ የረጠበ ቆርቆሮ ያን ከየት ያመጣል?

አሁኑኑ ይለያዩት፣ አቁመው ያድርቁት፣ ዱቄቱን በደረቅ የጨርቅ ወይም የላስቲክ ብሩሽ ይጥረጉት። የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ የተረፈውን ልባጥ ይልጠዋል። ከሥሩ ግራጫ ከታየ ልባጡ አለ፣ ይምቱት። ቀላ ያለ ዝገት የታየበትን ግን ለጣሪያ አይጠቀሙበት፤ ለአጥር ያድርጉት። በሚቀጥለው ጊዜ ከክረምት በፊት ካልተመታ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እየከተቱ በአንድ በኩል ዘንበል አድርገው ይደርድሩት።