መጠይቁ ከመተርጎሙ በፊት «ባህል» የሚለው ቃል ይፈተሽ

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በመመረቂያ ጽሑፌ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሌላ ባህል ሰዎች ጋር የመግባባት ብቃታቸውን መለካት እፈልጋለሁ። በአረብ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ሲጠቀሙ አይቻለሁና እኔስ ወደ አማርኛ መልሼ ብበትነው ምን ይላሉ?

መልስ፦ መተርጎሙ ክፋት የለውም፤ ሳይፈትሹ መበተኑ ግን ያሳስበናል። በመስኩ ከሚታወቁት መጠይቆች አንዱ ተመራማሪዎቹ ቼንና ስታሮስታ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ሲሆን፣ መላሹ ከ24 ዓረፍተ ነገሮች ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ በ5 ደረጃ ይመልሳል። ዘጠኙ በአሉታ የተጻፉ ስለሆኑ ነጥባቸው ተገልብጦ እንደሚደመር አይዘንጉ።

ዋናው ፈተና ያለው «ባህል» የሚለው ቃል ላይ ነው። በአረብኛ «ሰቃፋ» ባህልም ነው፣ በንባብ የዳበረ ዕውቀትም ነው፤ «ሙሰቀፍ» ሲባልም የተማረ፣ ያነበበ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ «የሌላ ሰቃፋ ሰው» የሚለውን አንዱ ተማሪ የሌላ አገር ሰው፣ ሌላው ያልተማረ ሰው ብሎ ሊረዳው ይችላል። የአረብ ሊግ አባል አገሮችም 22 ናቸው፤ ካይሮ የሚማር ሱዳናዊ ለግብፃዊ የክፍል ጓደኛው ባዕድ ነው ወይስ ወገን? መላሹ እንደመሰለው ይሞላዋል።

የእኛ ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እዚሁ ወሎ ሰርግ የሚደግስ ሰው ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ እንግዳ ለየብቻ ያሳርዳል፤ ማንም ሳያስታውሰው ድስቱንና ጭልፋውን ሳይቀር ይለያል። በእኛ እምነት ከዚህ የበለጠ ብቃት የለም። ይህንኑ ሰው «ከሌላ ባህል ሰዎች ጋር መዋል ደስ ይልሃል?» ብለው ቢጠይቁት ግን «ጎረቤቴ ምኑ ሌላ ሆነ?» ብሎ መሃለኛውን ቁጥር ሊያከብብ ይችላል፤ ቃሉን በትምህርት ቤት ያጠናው ደግሞ ከፍተኛውን ነጥብ ይወስዳል።

ስለዚህ የአማርኛውን ቅጂ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ሰጥተው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙና ሁለቱን ያስተያዩ። ከዚያ አሥር ያህል ተማሪዎችን አንድ በአንድ ያስቀምጡና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው አነጋገር ያስረዱዎት፤ የተጣመመው ቃል የሚገኘው እዚህ ነው። መጠይቁ የሚለካው ተማሪው ስለ ራሱ የሚያምነውን ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ድግሱ ያለ አጭር ገጠመኝ ጽፈው «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይጨምሩበት። የአማርኛውና የአረብኛው ቅጂ ቃላት አንድ ነገር መለካታቸው ሳይረጋገጥም የደሴ ተማሪዎችን አማካይ ነጥብ ከአረብ ተማሪዎቹ ጋር አያወዳድሩ።