«ዘይቱን አፍሶ» ወይስ «ዘይቱን አፍስሶ»?

ጥያቄ፦ ለጋራዥ ሠራተኞች የሚሆን አጭር የሥራ መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። የፊት ጎማ በሚነዳው መኪና ላይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) «ኦይል ሲል»፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ (አክስሉ) በሚገባበት ቀዳዳ ዘይቱን የሚገታውን ቀለበት፣ ስለ መቀየር ስጽፍ «ካምቢዮው ሲፈስ ዘይቱን አፍሶ ሲሉን ማውጣት» አልኩ። አራሚው «ሲፈስ»ን «ሲያፈስ»፣ «አፍሶ»ን «አፍስሶ» አድርጎ መለሰልኝ። በእርግጥ ልዩነት አለው ወይስ የአጻጻፍ ምርጫ ነው? በመመሪያው ውስጥ ሌላ የምጠነቀቅበት ቃል ካለም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ አራሚዎ በሁለቱም ልክ ነው። ፈሰሰ የሚባለው ፈሳሹ ራሱ ነው፤ ፈሳሹን መያዝ ያቃተው ዕቃ ግን አፈሰሰ ይባላል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ያፈሳል እንላለን እንጂ ቆርቆሮው ይፈሳል አንልም። ማድጋም እንዲሁ ነው፣ ካምቢዮም። ዘይቱ ይፈሳል፤ ካምቢዮው ያፈሳል።

«አፍሶ» ግን ከዚህ ቤት አይደለም። ግሱ አፈሰ ነው፦ ያፍሳል፣ አፍሶ፣ ማፈስ። እህል ከአውድማ ያፍሳሉ፤ ፖሊስ ሰው በጅምላ ሲይዝ «አፈሳ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። አፈሰሰ ደግሞ ያፈሳል፣ አፍስሶ፣ ማፍሰስ እያለ ይሄዳል። በአንዲት ስ መጉደል ትርጉሙ ይገለበጣል፦ ገንዘብ ያፈሰሰ ነጋዴ አውጥቷል፣ ገንዘብ ያፈሰ ነጋዴ ሰብስቧል። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የወሰደ ሠራተኛ ዘይቱን በእፍኙ መዛቅ ሊኖርበት ነው።

ስለ ስ ካነሣን፣ «ይፈሳል» ሲባል ሳ ይጠብቃል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን አያሳይም። አላልቶ ያነበበው ሰው የሚስቅበትን ምክንያት እርስዎም ያውቁታል። በሥራ መመሪያ ላይ «ይፈስሳል»፣ «ያፈስሳል» ብሎ ሁለቱንም ስ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በደብዳቤና በጋዜጣ ግን አጭሩ ይበቃል።

አፈሰሰ ለሰውም ያገለግላልና እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ካምቢዮው ዘይት አፈሰሰ» ብልሽት ነው፤ «ሠራተኛው ዘይቱን አፈሰሰው» ሥራ ነው። የሚለያያቸው ባለቤቱና «ን» ናቸው። «ዘይት ካፈሰሰ በኋላ» ብቻ ቢጽፉ አንባቢው ካምቢዮውን ይሁን ሠራተኛውን አያውቅም። «በማስወጫ ብሎኑ በኩል ዘይቱን አፍስሶ» ሲሉ ግን ጥርጣሬ አይኖርም።

ለብልሽቱ አንድ ቃል ብቻ መጠቀምም አማርኛን መበደል ነው። አክስሉ የሚገባበት የካምቢዮው አፍ ዙሪያ ረጥቦ አቧራ ከያዘና ጠብታ ከሌለ «ያዣል» ይበሉ፤ ቁስልም አሮጌ እንስራም ያዣል። እንዲህ ሲሆን ጠርጎ፣ ጥቂት ቀን ነድቶ መልሶ ማየት ይበቃል። ሌሊት ከሥር በተነጠፈ ካርቶን ላይ ጠብታ ከተገኘ «ያንጠባጥባል» ነው፤ ኦይል ሲሉ ይቀየራል። «ይንዠቀዠቃል» ከተባለ መኪናው መነሣት የለበትም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሹን የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ሲጎድል ግፊቱ ይወርዳል፣ ማርሹን የሚይዙት የውስጥ ፍሪሲዮኖች (ዲስኮች) ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉም። ጠብታው ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ሊሆን ይችላል፤ ግን በአንዳንድ መኪና የመሪውም ዘይት ቀይ ነው። ከታችኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የወጣ ዘይትም በነፋስ ተገፍቶ አክስሉ ሥር ይገኛል። ስለዚህ መመሪያው «መጀመሪያ አጥቦ ምንጩን ማየት» ብሎ ቢጀምር ደግ ነው።

«ሲል» የሚለውን ብቻውን ባይጽፉት እመርጣለሁ። «ሲሉን ሲያወጣ» የሚለው ሐረግ «እነሱ ሲሉን» ተብሎ ይነበባል፤ «ሲል ሲል» ደግሞ ይብስበታል። «ኦይል ሲል» ሙሉውን ይጻፉ። የትኛው እንደሆነም ይጥቀሱ፤ የግራና የቀኝ አክስል ኦይል ሲሎች በብዙ መኪና ልካቸው አይመሳሰልም። ከኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ክፍል) ኋላ ያለው የፖምፓ ኦይል ሲል ግን ካምቢዮው ሳይወርድ አይደረስበትም፤ መመሪያው የአክስሉን ብቻ የሚመለከት ከሆነ በርዕሱ ላይ ይግለጹት።

ትልቁ አደጋ ያለው «ወደ ውስጥ» በሚለው ቃል ላይ ነው። «የኦይል ሲሉ ፊት ወደ ውስጥ» ቢሉ የትኛው ፊት? አንዱ ጎን ለስላሳ ነው፤ ሌላው ከንፈሩና ከንፈሩን የሚያቅፈው ክብ ሞላ የሚታይበት ነው። ሠራተኛ ለስላሳውን ፊት ይለዋል፣ ጸሐፊ ሞላ ያለበትን። «ሞላው የሚታይበት ጎን ወደ ካምቢዮው ዘይት ይዙር» ሲባል ሁሉም አንድ ነገር ያያል። ተገልብጦ የገባ ኦይል ሲል ዘይቱን የሚገታው ከንፈር ወደ ውጭ ስለሚዞር ገና በመጀመሪያው ቀን ያፈሳል። («ሞላ» ከጣሊያንኛ የመጣ ስም ስለሆነ «ዘይት ሞላ» ከሚለው ግስ አጠገብ አያስቀምጡት።)

ሌላው «መምታት» ነው። በጋራዥ አማርኛ ኦይል ሲል «ይመታል»፤ ጀማሪ ግን ቃሉን ሰምቶ በመዶሻ አንዱን ጠርዝ ይመታዋል፣ ዘንበል ብሎ ይገባል። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ከአፉ ምን ያህል ገባ እንዳለ መለካት፤ ቀዳዳውን ሳይጭሩ ማውጣት፤ የአዲሱን ከንፈር በካምቢዮ ዘይት ማራስ፤ የውጭ ዙሪያውን በሚያህል ቡሶላ (ክብ መግፊያ) ዙሪያውን እኩል እየነኩ እስከ ቀድሞው ልክ ማስገባት።»

ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ጎማው መሬት ላይ ሳለ የአክስሉን ትልቅ ዳዶ ማላላት፣ በክሪክ አንሥቶ በመደገፊያ ማስቀመጥ፣ ዘይቱን ማፍሰስ፣ የታችኛውን ቦል ጆይንት መፍታት። አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፦ አክስሉን «መሳብ» አይበሉ፣ «ፈንቅሎ ማላቀቅ» ይበሉ። በዘንጉ ይዞ የሳበ ሰው የውስጡን ጆይንት ይበታትነዋል፤ መፈንቀያው ብረት መግባት ያለበት በጆይንቱ ቤትና በካምቢዮው መካከል ነው። «ማጥበቅ» ሲሉም ልኩን ይጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ2003–2008 የተሠራው ቶዮታ ኮሮላ የአክስል ዳዶ ልክ 216 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሌላው መኪና ልክ ከራሱ መጽሐፍ ይወሰዳል።

አዲሱ ኦይል ሲል ወዲያው ሲያፈስ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን የአክስል ክፍል በጥፍር ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ ከንፈሩ ዘይቱን አይገታም። ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) አልቋል። የካምቢዮው መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን በከንፈሩ በኩል ያስወጣዋል። ለዚህ ሁሉ «ኦይል ሲሉ ተበላሸ» ማለት ስንፍና ነው፤ «ኦይል ሲሉ አልያዘም» ብለው ምክንያቱን ያስከትሉ።

በመጨረሻ፣ «ዘይት መሙላት» አይበሉ። መሙላት በአማርኛ እስከ አፍ ነው፤ ከልኩ ያለፈ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻው ይወጣል፣ መኪናውም ያው እንደገና «ያፈሳል» ተብሎ ይመለሳል። «የወጣውን ለክቶ ያንኑ ያህል አዲስ ዘይት መመለስ» ይበሉ። ዓይነቱም ይጠቀስ፤ ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፣ ተራው የአውቶማቲክ ዘይት አይሆነውም። ከዚያ ሞተሩ በርቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ጥቂት እየቆየ ወደ ፒ ይመለስ። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች በዘንጉ ላይ ያለው የሙቅ ዘይት ምልክት (HOT) የሚታየው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ጎድሎ ከተገኘ ያኔ «መጨመር» የሚለው ቃል ቦታው ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ።