መጀመሪያ መስመሩን እየው

«የማንጋ ሥዕል ያለ ቀለም እንዴት ነፍስ ይኖረዋል? ሳየው ምኑ ላይ ላተኩር?» ላልከው ወንድሜ፣ ማንጋን (በሥዕል የሚተረከውን የጃፓን ኮሚክ) ስይዝ እኔ መጀመሪያ የማየው መስመሩን ነው። ብዙ የማንጋ ሠዓሊዎች በተለምዶ የሚሠሩት ጥቁር ቀለም ውስጥ እየተነከረ በሚሣልበት የብረት ጫፍ ብዕር ነው። ጫን ሲሉት መስመሩ ይወፍራል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ይቀጥናል። የአንዱን ገጸ ባሕርይ ፀጉር ጠጋ ብለህ እየው። ከሥሩ ወፍሮ ጫፉ ላይ እንደ ክር ይሳሳል። እንቅስቃሴ የሚሰጠው እሱ ነው። በተለይ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የታኬሂኮ ኢኖዌን «ቫጋቦንድ» የተባለ ማንጋ ፈልገህ እይ፤ በብሩሽ የሣላቸው ፊቶች ጉድ ናቸው! ግራጫው ጥላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው፤ አጉልተህ ስታየው ይለያል። የወደድከውን ሥዕል ስታጋራ ግን አደራ፣ የሠዓሊውን ስም አብረህ ጻፍ፤ ፊርማውንም ቆርጠህ አታውጣ።